የሊኑክስ ከርነል ሎግ ሰዓት፦ ዲሜሴጅን፣ ጆርናልን ወይስ አርሲስሎግን እንመን?

100 ቀን ሳይጠፋ የሠራ አንድ ሰርቨር የዲስክ ስህተት መዘገበ እንበል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የጻፈው ጥሬ መስመር [8640012.345678] ብሎ ይጀምራል። ያንኑ መስመር ዲሜሴጅ የተባለው የከርነል መልእክት ማሳያ ትዕዛዝ ወደ ቀንና ሰዓት ቀይሮ ሲያሳየን 09:17:40 ይላል። የሲስተምዲ የሎግ ማኅደር የሆነው ጆርናሉ ደግሞ 09:14:47 ብሎ አስቀምጦታል። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሎጉን የነካካው ሰው የለም፤ የሰርቨሩም ሰዓት በኤንቲፒ (በኔትወርክ በሚሠራ የሰዓት ማስተካከያ) በደንብ ተስተካክሎ ነው የቆየው። ሁለቱም መሣሪያዎች በየራሳቸው ሕግ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። የትኛውን እንደምትይዙ የሚወስነው የምትጠይቁት ጥያቄ ነው፤ «ምን ያህል ቆየ?» ለሚለው የሚሆነው ሰዓት «በስንት ሰዓት ሆነ?» ለሚለው አይሆንም።

ከዚህ በታች ያሉት ትዕዛዞችና የፋይል ስሞች በንባባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ በተለመደው ፊደላቸው ይግቡ።

በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ከየት ይመጣል

ከርነሉ መልእክት በጻፈ ቁጥር፣ ማለትም ፕሪንትኬ በተጠራ ቁጥር፣ የሚያነበው «ሎካል ክሎክ» የሚባል የውስጥ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ቀንም የሰዓት ሰቅም አያውቅም፤ ከቡት ወዲህ ያለፈውን ናኖሰከንድ ብቻ ይቆጥራል። ስክሪን ላይ ሲወጣ እስከ ማይክሮሰከንድ ይቆረጣል። ይህ ቆጣሪ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ፕሪንትኬ ከየትም ሊጠራ ይችላል፤ ከኢንተራፕት ውስጥ፣ ከኤንኤምአይ (ሊታገድ ከማይችል ኢንተራፕት) ውስጥ፣ ከርነሉ ፓኒክ አድርጎ ሊወድቅ ሲልም ጭምር። እንዲህ ባለ ቦታ ሎክ እስኪለቀቅ የሚያስጠብቅ ሰዓት ማንበብ ማሽኑን እዚያው ያደርቀዋል። ሎካል ክሎክ ግን ያለ ሎክ በየሲፒዩው በፍጥነት ይነበባል።

ፍጥነቱ ታዲያ በነጻ አልመጣም። ኤንቲፒ የሲስተሙን ሰዓት ሲያርም ይህን ቆጣሪ አይነካውም፤ በቡት ጊዜ የተለካው የሲፒዩ ድግግሞሽ ትንሽ ከተሳሳተ ስህተቱ እስከ ቀጣዩ ሪቡት አብሮ ይጓዛል። 20 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 20፣ ለክሪስታል ብዙ የሚባል ስህተት አይደለም። በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 52 ሰከንድ፣ በ100 ቀን 173 ሰከንድ ይሆናል። መግቢያው ላይ ያየነው የሦስት ደቂቃ ልዩነት ይኸው ነው። ማሽኑ ሰስፔንድ ሲያደርግ (ሲተኛ) ደግሞ ቆጣሪው አብሮ ይቆማል፤ ላፕቶፕ ላይ ዋናው ችግር ይህ ነው። የሲፒዩዎቹ ቲኤስሲ (የውስጥ ምት ቆጣሪ) የማይጣጣም ማሽን ላይ ደግሞ ሁለት ተከታታይ መስመሮች በጥቂት ማይክሮሰከንድ ወደ ኋላ የሄዱ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ቅደም ተከተሉን የሚነግራችሁ የመልእክቱ ተራ ቁጥር ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች [    0.000000] መሆናቸው ሁሉም በአንዴ ሆኑ ማለት አይደለም። ቆጣሪው ገና ስላልተነሣ ነው። ኤክስ86 ላይ ከከርነል 4.19 ጀምሮ ቆጣሪው ቀደም ብሎ ስለሚነሣ የዜሮ መስመሮቹ ቀንሰዋል። በየትኛውም ማሽን ግን ዜሮ ማለት የኃይል ቁልፉ የተጫነበት ቅጽበት አይደለም፤ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የፈጀው ጊዜ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። «ሰርቨሩ ለመነሣት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል» የሚል ቅሬታ ይዛችሁ ዲሜሴጅ ውስጥ ብትፈልጉ 15 ሰከንድ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። የቀረውን ዩኢኤፍአይ ባላቸው ማሽኖች ላይ «ሲስተምዲ-አናላይዝ» ያሳያል።

ቅንፉ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ በቡት መስመሩ ላይ «ፕሪንትኬ.ታይም=1» ጨምሩ፣ ወይም ማሽኑ እየሠራ እያለ «/ሲስ/ሞጁል/ፕሪንትኬ/ፓራሜተርስ/ታይም» ውስጥ 1 ጻፉ። ይህ የሚቆጣጠረው ቅንፉን ማሳየትን ብቻ ነው። ከርነሉ ጊዜውን ሁልጊዜ ከመልእክቱ ጋር ያስቀምጣል፤ የከርነሉ መልእክቶች የሚነበቡበትን «/ዴቭ/ኬሜሴጅ» የተባለ ፋይል በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራምም ሁልጊዜ ያገኘዋል።

ዲሜሴጅ፦ ለርቀት እመኑት፣ ለሰዓት ተጠንቀቁት

ዲሜሴጅ ምንም ሳይጨመርበት ከሁሉ የታመነ ነው፤ የሚያሳየው የከርነሉን ቁጥር ሳይተረጉም ነውና። በሁለት ክስተቶች መካከል ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። «--ሾው-ዴልታ» የሚለው አማራጭ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ካለፈው መስመር ወዲህ የቆየውን ጊዜ ስለሚጽፍ፣ ድራይቨር ሲጫን የት ላይ እንደዘገየ ወዲያው ይታያል። የኔትወርክ ካርድ ሊንክ ወርዶ ተመልሶ ሲነሣ፣ የዩኤስቢ ዲስክ ተነቅሎ ሲገባ፣ ዲስክ የመልስ መጠበቂያ ጊዜውን ጨርሶ ሪሴት ሲደረግ የምትፈልጉት ይህን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ሰው እጁ የለመደው «--ሲታይም»፣ ማለትም ትልቁ ቲ፣ ሲጨመር ነው። ይህ አማራጭ የተቀመጠ ቀን አያነብም፤ የትም የተቀመጠ ቀን የለምና። በጠራችሁት ቅጽበት አሁን ካለው ሰዓት ላይ ከቡት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ቀንሶ የቡት ሰዓትን ያወጣል፣ በዚያ ላይ ሰስፔንድ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ይደምራል፣ ከዚያ የመልእክቱን ሰከንድ ይጨምራል። ውጤቱ ስሌት ነው፤ የስሌቱ ግብዓት ሲቀየር መልሱም ይቀየራል።

በምሳሌ እንየው። ላፕቶፑ 08:00 ላይ ተነሣ፤ 08:30 ላይ የዋይፋይ ድራይቨሩ ስህተት ጻፈ፣ ቁጥሩ [ 1800.000000] ገደማ። 09:00 ላይ ክዳኑ ተዘጋ፣ 12:00 ላይ ተከፈተ። 13:00 ላይ በትልቁ ቲ ስታዩት የዋይፋዩ ስህተት 11:30 ላይ የደረሰ ሆኖ ይወጣል። 11:30 ላይ ላፕቶፑ ተኝቶ ነበር! ዲሜሴጅ የሦስት ሰዓቱን እንቅልፍ ለሁሉም መስመሮች እኩል ስለሚደምር፣ ትክክል የሚሆኑት ከመጨረሻው መንቃት በኋላ የተጻፉት ብቻ ናቸው። ይህ ማስጠንቀቂያ በራሱ በዲሜሴጅ ማኑዋል ውስጥ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የቆዩ የዩቲል-ሊኑክስ (ዲሜሴጅ የሚመጣበት ጥቅል) ስሪቶች ደግሞ ተቃራኒውን ይሳሳታሉ፤ እንቅልፉን ጭራሽ ስለማይደምሩ ከመንቃት በኋላ ያሉትን መስመሮች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታሉ።

ስለዚህ በትልቁ ቲ የተገኘ ሰዓት ወደ ሪፖርት አይገልበጥ። ለራሳችሁ ፈጣን ዕይታ ግን ምንም አይልም፤ በተለይ ዛሬ ጠዋት የተነሣና ሰስፔንድ የማያደርግ ሰርቨር ላይ ስህተቱ ከሰከንድ አይዘልም። ከተጠቀማችሁም «--ታይም-ፎርማት=አይሶ» ይሻላል፤ ዓመቱን፣ ማይክሮሰከንዱንና የሰዓት ሰቁን (+03:00) አብሮ ይጽፋል። ለማኅደር ሲቀመጥ ግን ጥሬው ቁጥር ይቀመጥ። ከጥሬው ሰዓት ማስላት ይቻላል፤ ተሰልቶ ከተቀመጠ ሰዓት ጥሬውን መመለስ ግን አይቻልም፣ ያኔ የነበረው የሲስተም ሁኔታ አልፏልና።

ሌላው የዲሜሴጅ ድካም ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ መኖሩ ነው። ቋቱ ክብ ነው፤ በከርነሉ መነሻ ቅንብር 128 ኪሎባይት ያህል ሲሆን ሲሞላ አሮጌው ይጠፋል፣ ሪቡት ሲደረግ ሁሉም ይጠፋል። ብዙ የሚያወራ ሃርድዌር ካላችሁ «ሎግ_በፍ_ሌን=4ኤም» በቡት መስመሩ ላይ ጨምሩ።

ጆርናል፦ ሲደርሰው ይመታዋል

ጆርናሉን የሚጽፈው ጆርናልዲ መንገዱ ሌላ ነው። የከርነሉን መልእክት እንደተቀበለ በዚያው ቅጽበት የነበረውን የሲስተም ሰዓት ይመታበታል፤ የከርነሉንም ጥሬ ቁጥር በሌላ መስክ ያስቀምጣል። በሚሠራ ማሽን ላይ መቀበሉ ከመጻፉ የሚዘገየው እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ መንሸራተቱም እንቅልፉም አያገኘውም፦ የዲስኩ ስህተት 09:14:47 ላይ ሆነ፣ ያኔ 09:14:47 ተመታ፣ አለቀ። ከዓመት በኋላም ያው ነው። ለ«በስንት ሰዓት ሆነ?» ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው ምርጫችን ይህ ነው።

አጠቃቀሙ «ጆርናልሲቲኤል --ዲሜሴጅ» ነው፤ ይህ ያሁኑን ቡት ብቻ ያሳያል። ያለፈውን ቡት ለማየት «--ቡት=-1» ይጨመራል። መነሻ አቀራረቡ ዓመትም ንዑስ ሰከንድም ስለሌለው «--አውትፑት=ሾርት-አይሶ-ፕሪሳይስ» ተጠቀሙ። ከሪቡት በኋላ ያለፈው ቡት ከጠፋ ጆርናሉ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ እየሠራ ነው፤ «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚለውን ማውጫ ፈጥራችሁ «ጆርናልሲቲኤል --ፍለሽ» አድርጉ፣ ወይም በቅንብሩ ላይ «ስቶሬጅ=ፐርሲስተንት» ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማኅደሩ በመነሻ ቅንብር ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ ወይም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም።

ጆርናል በብዛት የሚሳሳትበት ቦታ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ቡት አካባቢ ናቸው። ጆርናልዲ ራሱ ከመነሣቱ በፊት ከርነሉ መቶዎች መስመሮች ጽፏል። ጆርናልዲ ሲነሣ ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለሚያነብ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰከንድ ላይ ይከመራሉ። በዚህ አቀራረብ የቡት ፍጥነት መመርመር ከንቱ ድካም ነው። «--አውትፑት=ሾርት-ሞኖቶኒክ» ስትሉት ግን የከርነሉን የራሱን ቁጥር ስለሚያወጣ ርቀቶቹ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው የሲስተሙ ሰዓት ራሱ ስህተት የሆነ ጊዜ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 እና ከእሱ በፊት የነበሩት ሞዴሎች በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የላቸውም። ሲነሡ ባለፈው ከመጥፋታቸው በፊት ፋይል ላይ ካስቀመጡት ሰዓት ይጀምራሉ። ትናንት 18:00 ላይ የጠፋ ፓይ ዛሬ 08:00 ላይ ሲበራ የመጀመሪያዎቹ የጆርናል መስመሮች «ትናንት 18:00» ይላሉ፤ ኢንተርኔት ሲገኝና ኤንቲፒ ሲያርመው በአንድ ጊዜ 14 ሰዓት ይዘላል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከዝላዩ በኋላ የተጠራ የዲሜሴጅ ትልቁ ቲ ትክክለኛውን 08:00 ይሰጣል፤ ከተስተካከለው ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚያሰላ። አንዴ የሚመታው ሲሳሳት እንደገና የሚያሰላው ያድናል፣ እንደገና የሚያሰላው ሲሳሳት አንዴ የሚመታው ያድናል። በዝላዩ ምክንያት «--ሲንስ» በሚለው ማጣሪያ የዛሬን ቡት ስትፈልጉ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አይገኙም፤ በሰዓት ሳይሆን በቡት ቁጥር ፈልጉ።

ባትሪዋ የሞተባት ዴስክቶፕም እንዲሁ ናት። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ውስጥ የአንዲት ርካሽ ባትሪ ጉዳይ የሎጉን ሁሉ ተአማኒነት ያበላሻል። ለፓይ መፍትሔው ዲኤስ3231 የምትባለውን የሰዓት ሞጁል በአይስኩዌርሲ መግጠምና በ«ኮንፊግ.ቲኤክስቲ» ላይ «ዲቲኦቨርሌይ=አይ2ሲ-አርቲሲ,ዲኤስ3231» መጻፍ ነው።

አርሲስሎግ፦ ቅርጹ ነው ዋናው ምርጫ

አርሲስሎግን (ሎግ ተቀብሎ የሚጽፍና የሚልክ ፕሮግራም ነው) የምትጠቀሙት ሎግ ወደ ሌላ ማሽን ስለምትልኩ ወይም ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለምትፈልጉ ነው። የከርነል መልእክት የሚያነበው ክፍል ኢምኬሎግ ይባላል፤ በመነሻው እንደ ጆርናል የተቀበለበትን ሰዓት ይመታል። «ፓርስከርነልታይምስታምፕ» የሚል አማራጭ አለው፤ ቢበራ የቅንፉን ቁጥር ወደ ቀንና ሰዓት ቀይሮ የመልእክቱ ሰዓት ያደርገዋል። ስሙ ሲያዩት የበለጠ ትክክል የሚሰጥ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የከርነሉን መንሸራተት ወደ ቋሚ ማኅደር ያስገባል። የመግቢያው ሰርቨር ላይ ብታበሩት ፋይሉ ላይ 09:17:40 ገደማ ይጻፋል፣ በዚያው ሰከንድ የዳታቤዙ መልእክት ደግሞ 09:14:47። ምክንያት ከውጤቱ በኋላ የመጣ ይመስላል። ሠሪዎቹም ይህንን አውቀው ነው አጥፍተው የተዉት፤ እናንተም ተዉት።

ቅርጹን በተመለከተ ክርክር የለም። በ2001 በአርኤፍሲ 3164 (የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ) የተመዘገበው የድሮው ቅርጽ «ማርች  4 09:14:47» ዓይነት ነው፦ ዓመት የለ፣ የሰዓት ሰቅ የለ፣ ንዑስ ሰከንድ የለ። የታኅሣሥን ሎግ በጥር የሚያነብ ፕሮግራም ዓመቱን መገመት አለበት። የ2009ኙ አርኤፍሲ 5424 ቅርጽ 2025-03-04ቲ09:14:47.245678+03:00 ዓይነት ሙሉ ሰዓት ይጽፋል። በአርሲስሎግ ቅንብር ውስጥ «ትራዲሽናልፋይልፎርማት» የሚለውን የያዘ መስመር ካለ አጥፉት፤ አዲሱ ቅርጽ ቦታውን ይይዛል። ዴቢያን ከ12ኛው ስሪቱ (2023) ጀምሮ በራሱ አዲሱን ቅርጽ ይዞ መጥቷል፤ ያኔ የድሮውን ቅርጽ የሚጠብቁ የቆዩ ስክሪፕቶች ተሰብረዋል። ከመቀየራችሁ በፊት መስመሩን በቦታ እየቆረጡ የሚያነቡ ስክሪፕቶቻችሁን ፈትሹ፤ የድሮው ቅርጽ ሰዓቱን በሦስት ቃል ሲጽፍ አዲሱ በአንድ ቃል ነው የሚጽፈው።

ተቀባዩ ማሽን ላይ ላኪው የጻፈውን ሰዓት («ታይምሪፖርትድ») እና ራሱ የተቀበለበትን («ታይምጄነሬትድ») ሁለቱንም በቴምፕሌቱ ውስጥ አስገቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድንገት ከሰፋ ወይ ኔትወርኩ ዘግይቷል፣ ወይ የአንዱ ሰዓት ተበላሽቷል፤ ያለ ሌላ መሣሪያ ታውቁታላችሁ።

ጥሬው ኬሜሴጅና በየሰዓቱ የሚተከል ምልክት

ትክክለኛነት ከምቾት በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ «/ዴቭ/ኬሜሴጅ»ን በቀጥታ ማንበብ ይበልጣል። ከከርነል 3.5 ጀምሮ እያንዳንዱ መዝገብ እንዲህ ይመጣል፦

3,1843,8640012345678,-;

ከዚያ መልእክቱ ይከተላል። 3 የክብደት ደረጃው (ስህተት)፣ 1843 ተራ ቁጥሩ፣ ቀጣዩ በማይክሮሰከንድ የተጻፈው ጊዜ ነው። ተራ ቁጥሩ ወርቅ ነው። ሰዓቱ ቢምታታ እንኳ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፤ ከ1843 ቀጥሎ 1850 ከመጣ ስድስት መልእክት እንደጠፋባችሁ ታውቃላችሁ። ዲሜሴጅ ተራ ቁጥሩን አያሳይም።

የከርነሉን ቆጣሪና የቀኑን ሰዓት የሚያገናኝ አስተማማኝ ዘዴ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ማስፈር ነው። በሲስተምዲ ታይመር ወይም በክሮን በየሰዓቱ ይህን እንደ ሩት አስኪዱ፦

ኤኮ "<6>የሰዓት ምልክት $(ዴት --አይሶ-8601=ኤንኤስ)" > /ዴቭ/ኬሜሴጅ

ከርነሉ መስመሩን ሲቀበል የራሱን ቁጥር ስለሚለጥፍበት ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዲስኩ ስህተት በፊት የመጨረሻው ምልክት [8638200.100000] ላይ «08:44:35.000000» ቢል፣ ልዩነቱ 1812.245678 ሰከንድ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ከ12.245678 ሰከንድ ነው። ሲደመር 09:14:47.245678። በ30 ደቂቃ ውስጥ 20 ፒፒኤም የሚያመጣው ስህተት 36 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ከ173 ሰከንድ ጋር አይወዳደርም። ከክስተቱ በኋላ ያለውን ምልክትም ጨምራችሁ በመካከል ብታከፋፍሉት ይህም ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ያሳስታል። ከውጭ የተጻፈ መስመር የከርነል መልእክት ተብሎ ስለማይመደብ «ዲሜሴጅ --ከርነል» ይደብቀዋል፤ አማራጩን አንሡት። ከርነሉም ከውጭ የሚጻፍን ይገድባል፤ በየሰዓቱ አንድ መስመር ምንም አይነካውም፣ በሉፕ ውስጥ ብትጽፉ ግን ከጥቂት መስመሮች በኋላ ይጥላቸዋል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ምልክቱ ከእንቅልፉ በፊት ከሆነ ስሌቱ አይሠራም። «ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤንትሪ» እና «ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤግዚት» የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ፤ ምልክቱና ክስተቱ በአንድ ወገን መሆን አለባቸው።

ማሽናችሁ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማወቅም ይኸው ምልክት ይበቃል። ምልክቱን እንደጻፋችሁ ወዲያው «/ፕሮክ/አፕታይም»ን አንብቡ፤ የመጀመሪያው ቁጥር በኤንቲፒ የሚታረም ከቡት ወዲህ ያለ ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለሰከንዱ ብዛት አካፍሉ፣ በሚሊዮን አባዙ፤ ፒፒኤሙን አገኛችሁ። ሰስፔንድ የማያደርግ ማሽን መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የለካችሁት እንቅልፉን ነው። ማሽኑ በተነሣ በሰዓታት ውስጥ መለካትም አያዋጣም፤ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይቆይ።

እንቅልፉን የማይቆጥር ሰዓት ለምን አልተተወም የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ2018 በ4.17 የእድገት ዙር ላይ ሞኖቶኒክ የሚባለው ሰዓት እንቅልፉንም እንዲቆጥር ተደርጎ ነበር፤ ስሪቱ ከመውጣቱ በፊት ግን ፕሮግራሞችን ስለሰበረ ተመለሰ። እንቅልፍን የሚቆጥር ሰዓት የሚፈልግ ፕሮግራም ቡትታይም የሚባለውን ለይቶ ይጠይቃል።

ቨርቹዋል ማሽን፣ ሲሪያል ኮንሶልና የሚወድቅ ማሽን

ቨርቹዋል ማሽን ለጥቂት ደቂቃ ፖዝ ተደርጎ ሲመለስ ከውስጥ ሆኖ የሚያየው ከርነል ክፍተቱን ላያውቀው ይችላል፤ የቅንፉ ቁጥሮች ተከታታይ ሆነው ይቀጥላሉ፣ ሰዓቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ክሮኒ የተባለው የኤንቲፒ ፕሮግራም በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች መነሻ ቅንብር («ሜክስቴፕ 1.0 3») ትልቅ ልዩነትን በአንድ ዝላይ የሚያርመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ልኬቶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይጎትታል። በጉተታው ጊዜ የተመታ የጆርናል ሰዓት ሁሉ ስህተት ነው። ፖዝ ለሚደረጉ ማሽኖች «ሜክስቴፕ 1 -1» ይሻላል።

ሲሪያል ኮንሶል ላይ ሎግ የምትይዙ ከሆነ የቅንፉን ቁጥር እንጂ ተቀባዩ ኮምፒውተር የሚለጥፈውን ሰዓት አትመኑ። በ115200 ፍጥነት በሰከንድ 11,520 ባይት ያልፋል፤ ባለ 80 ፊደል መስመር 7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ9600 ግን ያው መስመር 83 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፓኒክ ሆኖ 200 መስመር ሲወርድ የመጨረሻው ከተጻፈ ከ16 ሰከንድ በኋላ ይደርሳል።

ማሽኑ እየወደቀ ከሆነ መልእክቱ ዲስክ ላይ ስለማይደርስ ጆርናልም አርሲስሎግም አይጠቅሙም። ኔትኮንሶል በዩዲፒ ወደ ሌላ ማሽን ይልከዋል። አድራሻው መጀመሪያ ላይ የ«+» ምልክት ስታደርጉ ተራ ቁጥሩንና የማይክሮሰከንዱን ጊዜ አብሮ ይልካል። ዩዲፒ ስለሚጠፋና ስለሚዘባረቅ ያለ ተራ ቁጥር የመጣ የፓኒክ ሎግ በልበ ሙሉነት አይነበብም።

ዩቲሲ፣ +03:00 እና የእኛ ሰዓት

ሰርቨሩን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) አስኪዱት፤ ዕይታውን ብቻ ወደ አካባቢ ሰዓት ቀይሩ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ +03:00 ስለሆነች ብቻዋን ብትሆን ችግር አይኖርም፤ ግን አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ዋሺንግተን ከሆነ ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፤ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት ሌሊት ደግሞ የእሱ አካባቢ ሰዓት አንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ዊንዶውስ አብሮ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የማዘርቦርዱ ሰዓት በአካባቢ ሰዓት ስለሚቀመጥ የቡቱ መጀመሪያ መስመሮች ሦስት ሰዓት ወደፊት ሊዘሉ ይችላሉ፤ ሊኑክስ ብቻ የቀረበት ከሆነ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 0» በሉት።

በስልክ የሚነገረው ሰዓት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ጠባቂው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጠፋ» ሲላችሁ በሎጉ አቆጣጠር 03:00 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ ልክ 00:00፤ የዩቲሲው ቀን የሚቀየርበት ቅጽበት። 09:00ን የፈለገ ስድስት ሰዓት ይስታል። ቀኑም ያከራክራል፤ «የማክሰኞ ሌሊት» ያለው ሰው ከማክሰኞ ማታ በኋላ ያለውን ሌሊት ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ በሎጉ ግን ረቡዕ ነው። «ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት ያለው ሌሊት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለጆርናሉ ሰቁን ጽፋችሁ ስጡት፦

ጆርናልሲቲኤል --ዲሜሴጅ --ቡት=ኦል --ዩቲሲ --ሲንስ "2025-03-04 23:50:00 ዩቲሲ" --አንቲል "2025-03-05 00:10:00 ዩቲሲ"

ሰቁን ካልጻፋችሁ የተርሚናሉን አካባቢ ሰዓት ይወስዳል፤ «--ዩቲሲ» የሚቀይረው የሚታየውን ውጤት እንጂ የምትሰጡትን ጥያቄ አይደለም። የ20 ደቂቃው መስኮትም ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው ስልክ ከመደወሉ በፊት የእጅ ሰዓቱን ያየው ክስተቱ ካለፈ በኋላ ነው።